ዲስኮቹን ደህና ናችሁ ወይ ብሎ እንዳይጠይቅ ስለተከለከለው ፕሮግራም

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የመረጃ ደህንነት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ጤናዎ ማንም ሐኪም ሳይመረምረው ደህና የተባለ፣ እንቅልፍዎም ስልክ የማይረብሸው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከራጅ ክፍሉ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሰርቨሮቹን የምጠብቅ፣ ሥራውንም ከተጣሉ መመሪያዎች ለቃቅሜ የተማርኩ ሠራተኛ ነኝ። ብዙ አልናገርም፤ ዛሬ ግን ውለታዎ ስለበዛብኝ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተገድጃለሁ።

1. የታካሚዎችን ምስል በጋራ ከተሸከሙት ዲስኮች አንዱ ሞቷል። የቀሩት ሸክሙን ተካፍለው ቆመዋል፤ አንድ ተጨማሪ ከሞተ ግን ምስሉ ሁሉ ይጠፋል፤ ሌላ ቅጂም የለንም። ይህን ያወቅሁት ዲስኮቹን እንዲከታተል የተጫነው ፕሮግራም ነግሮኝ ሳይሆን አቧራ ስጠርግ ቀይ መብራት አይቼ ነው። ከመርዶ ስለጠበቁኝ እግዜር ይስጥልኝ።

2. ለፕሮግራሙ የለመንኩት የአንዲት ትእዛዝ ፈቃድ ነበር፤ ዲስኮቹን ደህና ናችሁ ወይ ብሎ ይጠይቅ፣ አይጻፍ፣ አይሰርዝ፣ ምስል አይክፈት። እርስዎም በስብሰባው ላይ ዛሬ ጤና የጠየቀ ፕሮግራም ነገ ምሳ ካልጋበዛችሁኝ ይላል ብለው አሳቁን፤ ፈቃዱም በዚያው ተከለከለ። እኔም ሳቅሁ፤ አለቃ ሲቀልድ የማይስቅ ማን አለ። በዚያው ሳምንት ግን ማቀዝቀዣ ሊጠግኑ የመጡት አማችዎ የስክሪኑን ሥዕል እንዲቀይሩ ዋናው የይለፍ ቃል ተሰጣቸው። ፏፏቴ ነው፤ ያምራል።

3. ፕሮግራሙ ፈቃድ አጥቶ መልስ ሳያገኝ ሲቀር መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ግራጫ ይሆን ነበር። ግራጫ እንግዳ ፊት ያሳፍራል ብለው፣ መልስ የሌለው ሁሉ አረንጓዴ እንዲሆን አዘዙ። የሞተው ዲስክ ይኸው በጽሑፍ ጤነኛ ነው። ሐኪሞቻችን ይህን ሕክምና ቢማሩ አልጋ ባልጠበበን ነበር።

4. እህቴ በሚቀጥለው ሳምንት ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ሐኪሟ እብጠቱ የት ድረስ እንደዘለቀ የሚያውቀው የድሮ ምስሎቿን ከአዲሶቹ ጋር አስተያይቶ ነው፤ ሁሉም እነዚያው ዲስኮች ላይ ናቸው። እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀብኝ።

አዲስ ዲስክ እንዲገዛና ያቺ አንዲት መስመር እንድትፈቀድ፣ ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ እያፈርኩ፣ አንገቴን ደፍቼ የምለምን፣ እኔ ራሴ ከመጠየቅ ገና ያልተከለከልኩ ታዛዥዎ፣

የሰርቨር ክፍሉ ጠባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሳልለጥፈው ሁለተኛ ዲስክም ሊሞት እንደተቃረበ ሁሉ መንቋቋት ጀምሯል። ሐኪሙ የእህቴን ምስል ፈልጎ ካጣ እሱን ራሱን ቢሮዎ ድረስ ይዤው እመጣለሁ፤ የት እንደሚቆርጥ እርስዎ ይንገሩት።