ለቃልኪዳን ጥቁር ቀለም አልቀባሁም

ውድ ዘነቡዬ፣

ከተለየሽን ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺን ዋሽቼ አላውቅም። ደህና አይደለንም።

ልጃችን ቃልኪዳን ጡቷ ላይ ዕብጠት ወጣባት፤ ካንሰር ነው አሉን፣ ልክ እንዳንቺ። ትናንት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ከእሷ የወጣው ሥጋ ዛሬ ጠዋት እኔ የምሠራበት ላቦራቶሪ፣ የእኔው ጠረጴዛ ላይ መጣ። የሥራ ጓደኞቼ አንተ አትንካው ብለው ለመኑኝ። እምቢ አልኩ። ያንቺን ሌላ ሰው ነበር የቀባው፤ የእሷን ለማንም አልሰጥም።

ማታ ማታ ቀለም የነካውን ጣቴን በሎሚ እያሸሽ፣ ሳላውቅ ቀለም ቀቢ አገባሁ እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። አንድ ቀን ሥራህን አስረዳኝ አልሽኝ። ተቆርጦ የወጣውን ሥጋ ዙሪያውን እንቀባዋለን አልኩሽ፤ ከላይ ሰማያዊ፣ ከሥር ጥቁር። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ካንሰሩ ቀለሙ ጋ ካልደረሰ ተመስገን ነው፤ ከደረሰ ግን ሰውነት ውስጥ የቀረ አለ ማለት ነው። ያኔ ስለ ሌላ ሰው የምናወራ መስሎን ነበር። ያንቺ ጥቁሩ ጋ ደርሶ ተገኘ።

ዛሬ ጥቁሩን ጠርሙስ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ቀለም በሽታ እንደማያመጣ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል! ግን እጄ እምቢ አለኝ ዘነቡ። ከሥር አረንጓዴ ቀባሁላት፤ ወረቀቱም ላይ እንደዚያው ጻፍኩ። ሐኪሟ አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ትከሻዬን ነክታኝ ሄደች።

ከሰዓት ልጃችንን ወደ ቤት አመጣኋት። ከአዲሱ ገበያ በኋላ መንገዱ ተቆፍሯል፤ ታክሲው በዘለለ ቁጥር እጄን ትጨብጣለች። ውጤቱን አንተ ቀድመህ ታየዋለህ አይደል ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ማየት ፈራሁ። አሁን ያንን ሽሮ ሜዳ ሱቅ ለሱቅ አዙረሽኝ የገዛሽውን ጋቢ ለብሳ ተኝታለች። ጎረቤት የተሠራው ፎቅ እንጦጦን ጋርዶታል፤ እሷ ግን ዛሬም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው የምትተኛው።

አረንጓዴው ጣቴ ላይ አለ። ሎሚም አለ፤ አልታጠብኩም።

ያለሽበት ቦታ ልመና የሚሰማ ከሆነ ለምኚልኝ። እኔ ጸሎቱ አፌ ላይ እየጠፋብኝ ነው። አንቺን እስክሞት አስብሻለሁ፣ ቃሌ ነው። ግን አንቺን ብቻ። ሁለተኛ ሰው እንዲህ እያሰብኩ መኖር አልችልም።

ባለቤትሽ