ሃያ ስድስት ጋዋንና አንድ ቢጫ ቀሚስ

ሰኞ፣ ጥር 23

ምን ዓይነት ጠዋት ነው! ዳቦው አረረ። ስልኬን ፍለጋ ቤቱን አመስኩት፣ ለካ ኪሴ ውስጥ ነው። ልጄ ደግሞ አንድ እግር ካልሲዋን አጣች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ የቤቱ አለቃ ግን እሷ ናት።

«አባዬ፣ ዝርዝርህ ላይ ካልሲ የለም?»

«የለም።»

«ጻፈው እንግዲህ።»

ጻፍኩት።

ባለቤቴ ለሥልጠና ከሄደች አምስተኛ ቀኗ። ገና ዘጠኝ ቀን ይቀራታል… አማቴ ጉልበታቸውን እያመማቸው ሊያግዙኝ መጥተዋል። ዛሬ ወንበር ላይ ያገኙትን ጨርቅ ሁሉ ሰብስበው ሳፋ ውስጥ ከተቱት። እኔም የፈላ ውሃ ደፋሁበት። ሳሰጣው ነው ያየሁት፤ የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር የሰጠችኝ ናሙና ጋዋንም አብሮ ታጥቧል! ክው አልኩ። ደግነቱ ቀለሙ አልለቀቀም። እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ንጹሑን እመልስላታለሁ።

የሳምንቱ፦
1. ክር
2. ናሙናውን መለካት፣ ዳይሬክተሯ ከጻፈችው ወረቀት ጋር ማስተያየት
3. ሃያ ስድስት ጋዋን። ለመዋዕለ ሕፃናቱ፣ ልጆቹ ቀለም ሲቀቡ ከላይ የሚደርቡት። እስከ ዓርብ!
4. የልጄ ቀሚስ። ቢጫ። ሁለት ኪስ። (ዓርብ ክፍሏ ፊት ግጥም ታነባለች። «እጄን የምከትበት ካለኝ አልፈራም» ብላለች።)
5. ካልሲ

ከልብስ ፋብሪካው ወጥቼ ቤት መስፋት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። እንዲህ ብዙ ሥራ ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ ነው። ከወደደችው የሌሎቹንም ክፍሎች ትሰጠኛለች። ካልወደደችውስ? ከፋብሪካው ስወጣ ሺፍት መሪው «ግዴለም፣ በሩ ክፍት ነው» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ…

ማክሰኞ፣ ጥር 24

ቆረጥኩ። ናሙናውን ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ዘርግቼ፣ ዙሪያውን በጠመኔ እያሰመርኩ። መሀል ላይ ሾርባው ገነፈለ፣ በር ተንኳኳ፣ አማቴ መነጽራቸው ጠፋ (ግንባራቸው ላይ ነበር)። ቢሆንም ሃያ ስድስቱም ተቆረጡ። ቁጥር 1 እና 2 ላይ ምልክት አደረግኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 25

አሥራ አራት ሰፋሁ። ካልሲው ሶፋው ሥር ተገኘ። ጥሩ ቀን።

ሐሙስ፣ ጥር 26

ሌሊቱን ስሰፋ አደርኩ፤ በጠዋቱ ጉድ ፈላ። ሃያ ስድስተኛውን ጨርሼ ደረቴን ነፋ እንዳደረግኩ ባለቤቴ ደወለች። ሁሉንም ነገርኳት። ናሙናውን እንኳ አጥቤ እንደምመልስ።

«ቆይ» አለችኝ። ከዚያ…

«በምን ውሃ?»

«በፈላ።»

«ጥጥ ነው?»

«… ጥጥ ነው።»

«ከመቁረጥህ በፊት ለካኸው?»

«ቁጥር ሁለት ላይ ምልክት አለ።»

«ስለ ምልክቱ አይደለም የጠየቅኩህ፣ የኔ ጌታ።»

ሜትር አነሳሁ። የዳይሬክተሯ ወረቀት ርዝመቱን ሃምሳ ስምንት ይላል። ናሙናው ሃምሳ ሦስት። እጅጌውም ሁለት ጣት አጥሯል። እኔ የሰፋኋቸውም እንደዚያው፣ ሃያ ስድስቱም! ሳልለካ ነው ምልክቱን ያደረግኩት? መቼ? ሾርባው ሲገነፍል ይሆን?

ጨርቅ ሻጩ ጋ በረርኩ። ሰማያዊው አልቋል። «ሳምንት ና።» ሳምንት ምን ይሠራልኛል?

አማቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፦ «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳፋው ውስጥ የከተትኩት እኔ።»

«ኧረ እማማ! የፈላ ውሃ የደፋሁት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

ትንሽ አሰቡ። «እሱስ እውነትህን ነው።»

ልጄ ከትምህርት ቤት መጣች። «ፊትህ ምን ሆኗል?» ነገርኳት።

«የኔ ቀሚስስ?»

«እሰፋልሻለሁ።»

«መቼ? ነገ እኮ ነው።»

ክፍሏ ገብታ በሩን ድርግም። እኔም ጋዋኖቹን እያየሁ ቀረሁ… የሺፍት መሪው ስልክ አሁንም አለኝ፣ አላጠፋሁትም። አማቴ «ተዋት፣ ትመለሳለች» አሉኝ። ተመለሰች። ለቀሚሷ የገዛሁትን ቢጫ ጨርቅ ታቅፋ። ጠረጴዛው ላይ ጣል።

«ከሥር ቀጥልበት።»

«ያንቺ እኮ ነው፣ የኔ እናት።»

«ፋብሪካ እያለህ ተኝቼ ነበር የምትመጣው። ቁረጠው፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ይህን ስትል አላየችኝም። እኔም ላያት አልቻልኩም።

ሦስታችን ተያያዝነው። አማቴ ቢጫውን በረጅም በረጅሙ ይቆርጣሉ፣ ልጄ ስፒል ትሰካለች፣ እኔ ከሥርና ከእጅጌው ጫፍ እቀጥላለሁ። አማቴ በየጋዋኑ «ይሄኛው ተለክቷል?» ይላሉ። ልጄም ተቀብላ «ምልክቱስ?» ሁለቱ ተባብረው ጨረሱኝ። ደስ አለኝ ግን።

ዓርብ፣ ጥር 27

ሦስት ሰዓት ላይ ለዳይሬክተሯ አስረከብኩ። ሳትጠይቀኝ ተናገርኩ። «እትዬ፣ ናሙናሽን አጥቤ አሳጠርኩት። ቢጫውን የቀጠልኩት ለዚያ ነው።» ሜትር አውጥታ ለካች። ሃምሳ ስምንት። ሌላ አነሳች። ሃምሳ ስምንት። ስፌቱን ይዛ ሳብ ሳብ አደረገችው።

«ቢጫው የማን ሐሳብ ነው?»

«የልጄ።»

«ቢጫ ቆሻሻ ያሳያል፣ ወንድሜ። የሚቀጥለውን ክፍል ቡናማ አድርገው።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ነው የገባኝ። የሚቀጥለውን ክፍል!

ወደ ልጄ ትምህርት ቤት ሮጥኩ። ሱሪዬ ላይ ክር እንደተንጠለጠለ ኋላ ቆምኩ። አሮጌ ግራጫ ቀሚሷን ለብሳ አነበበች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። አንድም ቃል አልሳተችም። እጇ ብቻ ሁለት ጊዜ ወደ ጎኗ ወርዶ ኪስ ፈለገ። ሲያጣ አየሁ። ከዚያ እኔን አየችኝና እጇን አጣጥፋ ቀጠለች።

ቤት እንደገባን ከቢጫው የተረፈውን ለካሁ። በሜትር። አንድ ስንዝር አይሞላም። ምሳ ሳልበላ ቁጭ ብዬ ሰፋሁት።

ከዝርዝሩ ቁጥር 4 ብቻ ቀርቷል። ምልክት አላደረግኩበትም።

ያልተከፈለ፦ ለልጄ አንድ ቢጫ ቀሚስ። ኪሶቹ ተሰፍተዋል።