ጓንት ሻጯ ያላለችው

ውድ አፈ ቅቤ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንደዚያ ስለሚባል ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። ስምህን ልጽፍ ብል እጄ እሺ አላለኝም፤ ስለዚህ ድሮ ሰፈሩ ሁሉ በሚጠራህ ጠራሁህ። ጤናህን አልጠይቅም። ጥርስህን እንዳስተከልክ፣ ሚስትህ ጥላህ እንደሄደች፣ አሁን ደግሞ እኔን ማሰብ እንዳበዛህ እህትህ አንድ በአንድ ነግራኛለች።

ባለፈው ሳምንት በጓሮ በር መጣች። በጓሮ የምትመጣው ያንተን ጉዳይ ስትይዝ ብቻ ነው። ገና ሳትቀመጥ ሁለት ትኬት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እትዬ፣ አሮጌው አዳራሽ ታድሶ ተከፈተ እኮ። ያ የናንተ ፊልም ሊታይበት ነው። ውሰጃትና አብራችሁ እዩት ያለኝ እሱ ነው።»

«ለምን ሲባል?»

«ካየችው በኋላ መልሷን ትንገርሽ ብሏል። ሊመጣ ነው፤ ለዘለቄታው። ሻንጣውን አስሮ ያንቺን አንድ ቃል ነው የሚጠብቀው።»

«መጥቶስ የት ሊያርፍ?»

እህትህ ቤቴን ዞር ዞር እያለች አየችው። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የሚያናድደኝን ልንገርህ? እምቢ አላልኩም። ዓይንህን በጨው አጥበህ ትኬት ስትልክልኝ፣ እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ሆዴ ባባ። እሷ እንደወጣች ትንሿን ክፍል ጠረግሁ። መጋረጃውን አውርጄ አጠብኩ። አልጋው ይጠበው ይሆን ብዬ ፍራሹ ላይ ተጋድሜ ሞከርኩት። ይህን የማደርገው ላንተ ነበር፤ እንኳንም ሌላ ሰው አላየኝ።

አንተ ያለፈውን የምታስታውሰው ለራስህ በሚጥምህ መንገድ ስለሆነ እኔም በበኩሌ ላስታውስህ። የአዳራሹ ባለቤት፣ ያ ቋጣሪው፣ የድምፅ ማጫወቻው ሲበላሽበት ከማስጠገን ይልቅ አሮጌ ድምፅ አልባ ፊልሞች ሰብስቦ አመጣ። ከመሃላቸው አንዱ ይኸው የፍቅር ኮሜዲ ነበር። ዛሬ ስሙን ተማሪው ሁሉ የሚጠራው ያ ትልቅ ዳይሬክተር ገና ጎረምሳ ሳለ የሠራው ነው አሉ፤ ያኔ ለእኛ ማንም አልነበረም። በየመሃሉ ብቅ የሚለው ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ነውና አንተ ጥቁር ኮትህን ለብሰህ፣ ከሸራው አጠገብ ወንበር ላይ ቆመህ ትተረጉምልን ነበር። ለወንዱ ድምፅህን ታወፍራለህ፣ ለሴቷ ታቀጥናለህ። ሕዝቡ የሚመጣው ፊልሙን ሊያይ ይሁን አንተን ሊሰማ አይታወቅም።

እኔ ትኬት ቆራጯ ግን መጀመሪያውን አይቼው አላውቅም። ዘግይቶ የሚመጣ አይጠፋም ተብሎ ፊልሙ እስኪጋመስ መስኮቴን መዝጋት አይፈቀድልኝም። ከዚያ በኋላ ሮጬ መጋረጃው ሥር እቆማለሁ። ስለዚህ የማውቀው ይህን ብቻ ነበር፤ አንዲት ጓንት ሻጭ አለች፤ እንደኔው ከመስኮት ኋላ ተቀምጣ የምትውል። አንድ ሰው አለ፤ እጇን ለመንካት ብሎ ሰበብ እየፈለገ ጓንት የሚገዛ። እመለሳለሁ ብሎ ይሄዳል፤ ባርኔጣውን ባንኮኒዋ ላይ ይረሳል። ዓመታት ያልፋሉ። ሽበት አብቅሎ ይመጣና በሯን ያንኳኳል። እሷ አንድ ነገር ትለዋለች፣ ባርኔጣውን ትሰጠዋለች፣ በሩን ትዘጋለች። ከዚያ በሩን ተደግፋ ማበጠሪያዋ ከጸጉሯ እስኪወድቅ ትስቃለች። አለቀ።

ያን ጊዜ አንተ ድምፅህን አቅጥነህ፣ «ብትቆይም ያው ያንተው ነኝ፤ ባርኔጣህን እንኳ ሰው አላስነካሁም!» ትላለህ። በሩ ሲዘጋ ደግሞ፣ «ልብስ ልትቀይር ገባች! ከደስታዋ የተነሳ ትስቃለች! ይኸው ለሠርጓ ጸጉሯን ፈታች!» ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሴቶቹ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። የእኔም ልብ ቅቤ ይጠጣል።

ፊልሙ ለመጨረሻ ጊዜ በታየ ዕለት ያንን ስትል ፊትህን ከሕዝቡ አዙረህ ወደ መጋረጃው፣ ወደ እኔ አየህ። በማግስቱ ወደ ትኬት መሸጫዬ መጥተህ ባሕር ማዶ ሥራ አገኘሁ አልከኝ። «እንደ ጓንት ሻጯ ትጠብቂኛለሽ አይደል?» አልክ። እኔም እየሳቅሁ፣ «ባርኔጣህን እንኳ ሰው አላስነካም» አልኩህ። ባርኔጣ ስላልነበረህ ኮትህን መስኮቴ አጠገብ ያለው ምስማር ላይ ሰቅለህልኝ ሄድክ።

መጀመሪያ ትጽፍልኝ ነበር፤ ቀጥሎ ሰላምታ ብቻ ትልክልኝ ጀመርክ፤ በኋላ እሱም ቀረ። ማግባትህን የሰማሁት ከገበያ ነው። እሱንም ቢሆን ሰው ይሳሳታል፣ ተገዶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። የአዳራሹን ወንበር የሚጠግነው አናጢ ትዝ ይልሃል? ዝምተኛው? ላግባሽ ብሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም። «የሰው ነኝ» አልኩት። «የማን?» ሲለኝ ኮትህን አሳየሁት። ኮቱን አየና መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። አሁን የልጅ ልጆቹን ይዞ በደጄ ያልፋል፤ ሰላምታውን አቋርጦብኝ አያውቅም። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ከማን እንደለየኸኝ፣ ከምን እንዳስቀረኸኝ እንድታውቀው ነው።

እንግዲህ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከእህትህ ጋር ሄድን። አዳራሹን ብታየው አታውቀውም። ወንበሩ ይለሰልሳል፣ ከሸራው ሥር አንዲት ልጅ ፒያኖ ትጫወታለች፣ ወጣቱ ፈንዲሻውን ይዞ ሞልቶታል። ፊልሙም ታጥቦ ተወልውሎ የትናንት መስሏል። ጓንት ሻጯ ዓይኗ ሥር ጥቁር ነጥብ እንዳላት ያወቅሁት ገና አሁን ነው። እና ስማኝ፤ አንተ ያልጠረጠርከውን ልንገርህ። ጽሑፉ በመጣ ቁጥር ከሥሩ በኛው ፊደል ትርጉሙ ይጻፋል። ወንበር ላይ የሚቆም ሰው አያስፈልግም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያው አየሁት። ለካ ሰውየው ወደ ጓንት ሻጯ ከመምጣቱ በፊት የማደሪያ ቤት ባለቤቷን ልጅ ያታልላል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እመለሳለሁ፤ ኮከቦቹን ቁጠሪ» ይላታል። ጥቂት ቆይቶ የአበባ ሻጩን እህት፣ ያው እጅ ያው ደረት፣ «እመለሳለሁ፤ ኮከቦቹን ቁጠሪ።» ወጣቱ በሳቅ ፈነዳ። ለካ ኮሜዲ ነው! ለካ የሚሳቅበት ሰውየው ነው! እኔ መስኮቴን ዘግቼ ስደርስ ለጓንት ሻጯ ሲደግመው ብቻ ነበርና የማየው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳለቅስበት ኖርኩ።

መጨረሻው ደረሰ። ሰውየው አንኳኳ። እሷ ወጣች፣ አየችው፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እህትህ ቀድማ እጄን ያዘች፤ ያንተን ቃል ልትሰማ ተዘጋጅታለች። ጽሑፉ ወጣ፤

«የመጣኸው ለባርኔጣህ ከሆነ፣ ይኸውልህ።»

ይኸው ነው። ሰጠችው፣ ዘጋችበት፣ ሳቀች። በእሱ ሳቀችበት። ከውጭ ባርኔጣውን ይዞ እንደ ጅል ቆሟል። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ይህኛው ጭብጨባ ግን ለእሷ ነው።

እህትህ እጄን ለቀቀችው። «ተሳስተው ይሆናል የጻፉት» አለችኝ።

«ሌላውን ሁሉ ልክ ጽፈው ይህቺን ብቻ ተሳሳቱ?»

ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። አንተም ተሳሳትኩ እንዳትለኝ። ቋንቋውን ባታውቀው ኖሮ ይቅር እልህ ነበር፤ ባዶ ጉራህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ግን «ሠላሳ ጥንድ ጓንት አለኝ፣ እጄ ግን ሁለት ብቻ» ብለህ የተረጎምከው ትናንትም እንደዚያው ተጽፏል። «ዛሬም ብርድ ነው?» «ላንተ ሁልጊዜ ብርድ ነው» ያልከው ቃል በቃል እንደዚያው ነው። ታውቅ ነበር። አንዲት ሴት ስለ ራሷ የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖር እሱን ከአፏ ነጥቀህ፣ ለአንተ የሚመችህን አጎረስካት። እኔ ደግሞ ካንተ አፍ ተቀብዬ ማልኩበት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን እንድመለከተው መላክህ ነው። በገዛ ውሸትህ በጣም ከመርካትህ የተነሳ፣ ሳትኖርም ፊልሙ ራሱ የሚናገርልህ መሰለህ።

ዛሬ ጠዋት ትንሿን ክፍል ለራሴ አደረግኋት። ፀሐይ የሚገባው በእሷ መስኮት ነው፤ እስከዛሬ ለምን ለእንግዳ እንዳስቀመጥኳት አላውቅም። ኮትህን ብል አልነካውም፤ ክረምት በወጣ ቁጥር ሳሰጣው፣ ሳራግፈው ኖሬያለሁና። አጥፌ በላስቲክ አድርጌ እህትህ ስትመጣ ሰጠኋት። በዋናው በር እንድትመጣም ነግሬያት ነበር።

«የሚመጣው ለኮቱ ከሆነ፣ ይኸው በይው» አልኳት።

«ሌላስ እትዬ? ምን አለች ልበለው?»

በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁባት። ተደግፌው ቆምኩና ድንገት ሳቄ መጣ፤ ሻሼ ከራሴ እስኪወልቅ ድረስ ሳቅሁ። እህትህ ከውጭ ቆማ ሰምታኛለች። ምን ማለት እንደሆነ አትነግርህ ይሆናል፤ አንተ ግን ተርጓሚ ነህ፣ እንደለመድከው ተርጉመው።

ትኬት ቆራጯ