የቤዝመንቱ ደረጃ አፍ ላይ

ታከር፣ ጆርጂያ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ኡራኤል ልጄ፣ ዓይኔ፣

እንዴት ነህልኝ? የሲያትል ዝናብ እንዴት አድርጎህ ይሆን? ስልክህን ሳላነሳ ቀረሁ፤ አትቀየመኝ። ድምፄን ከሰማህ ታውቅብኛለህ ብዬ ነው። አባትህንም ትንሽ አሞታል፤ መናገር አልቻለም።

የዚህን አገር ነፋስ ምን ብዬ ልንገርህ? ከአምና ጀምሮ ቶርኔዶ፣ ቶርኔዶ! ስልካችን የማስጠንቀቂያውን ድምፅ በጮኸ ቁጥር ከቤቱ ሥር ወዳለው ቤዝመንት መሮጥ ሆነ ሥራችን። ባለፈው ሚያዝያ ኢስት ፖይንት ላይ ስንቱን ቤት ጣሪያ አሳጣው። የክርስትና አባትህ የአቶ ፍሬውና የባለቤታቸው የወይዘሮ አበዛሽ ቤትም ሄደ። አባትህ በማግስቱ ይዟቸው መጣና ቤዝመንቱን ሰጣቸው። አልጋ ገባ፣ መጋረጃ ተሰቀለ።

ጣጣው ከዚያ ወዲያ ነው። የማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህ አባትህ አልወርድም አለ። «የባልና ሚስት መኝታ ቤት ሰተት ብዬ ልግባ? ነውር አይደለም እንዴ!» እነሱ ደግሞ እኛን ላይ ትተው ታች መቀመጡ ከብዷቸው ሊጠሩን ይወጣሉ። ደረጃው አፍ ላይ ተገትረን፣ «እርስዎ ይቅደሙ!» «ኧረ በማርያም፣ እርስዎ!» ነፋሱ ቤቱን እያንቀጠቀጠው እኛ እንገባበዛለን! ቤተ ክርስቲያን ስናወራው ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ፤ ምላሴን ይቁረጠው።

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ እያቀረብኩ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ፤ ቶርኔዶው ሊደርስ ሲል እንዲያ ነው። እንግዶቻችን እንደ ልማዳቸው ሊጠሩን ወጡ። «ይገዙ፣ በኡራኤል ሞት፣ ውረድ!» ብዬ ጮህኩ። ወይዘሮ አበዛሽን እየጎተትኩ ወረድኩ፤ ይከተለኛል ብዬ። እሱ ግን አቶ ፍሬውን ክንዳቸውን ይዞ «እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ ይቅደሙ» ይላቸዋል። ቀደሙ። ያ ልጅ ሳለህ የምትወጣበት ዛፍ ኩሽናው ላይ ወደቀ። አባትህ ገና እዚያው ኩሽና የቤዝመንቱን በር ይዞ ነበር።

አቶ ፍሬው እስካሁን እህል አልቀመሱም። «ዞር ብዬ ልጎትታቸው ነበር» እያሉ ግድግዳውን ይመታሉ። እኔስ ምን ልሁን? ለማን ልጩህ ልጄ? ምን ነበረበት እጁን ይዤ ብወርድ? ዕድሜ ልኬን አብሬው የኖርኩት ሰው፣ አንድ ደረጃ መውረድ አቅቶት! ይሉኝታው ገደል ይግባ! ተናድጄበታለሁ፤ ይኸው እየጻፍኩም ተናድጄበታለሁ። ነጭ ጋቢውን አጥቤ አስጥቼዋለሁ፤ ለምን እንዳጠብኩት እኔም አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የአክስትህ ልጅ መነን ይዛው ትመጣለች። እዚያ ካሉት ቄስ ጋር ሆነው ጠዋት፣ ሥራ ሳትሄድ ይደርሳሉ። ምነው በጠዋቱ ብለህ አታስጨንቃቸው፣ ወደ ቤት አስገባቸው። እኔ መምጣት አቃተኝ፣ ግን መጀመሪያ የእኔን ቃል እንድትሰማ ፈለግሁ።

እመቤቴ በክንፏ ትጋርድህ። ልብህን ታጽናልህ፣ በደህና አምጥታ ደረቴ ላይ ትጣልህ። «ተቀመጥ» ሲሉህ እንደ አባትህ አትከራከር፣ ቶሎ ተቀመጥ። አንብበህ ስትጨርስ ቀና በል፤ የሚነግሩህ አላቸው።

እናትህ
ብዙነሽ