ውሃ የማያበላሸው ወረቀት

ይድረስ ለወንድሜ አብዱናሲር፣ አሰላሙ ዓለይኩም። የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የአዳማ አቧራም ደህና ነው።

የምሠራበት ማተሚያ ቤት አዲስ ዓይነት ወረቀት አስገብቷል። ላስቲክ ነው፤ አይቀደድም፣ አይርስም። ደንበኛ ሲመጣ ያተምነውን ባልዲ ውስጥ ነክሬ አሳየዋለሁ። ቆቃ ዓሣ ቤት ያለው አቶ ገመዳ ሜኑውን በዚህ አሳትሞ ከሳህን ጋር በሳሙና ያጥበዋል። ባለፈው ግን ተበሳጭቶ መጣ። «ድሮ ሜኑው በአዋዜ ሲበሰብስ አዲስ ዋጋ አሳትም ነበር፤ ይሄ አላረጅ አለኝ እኮ!» ሲል ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

እማዬም ደህና ናት፤ ሰሞኑን ከተማ መዞር ወዳለች። ማክሰኞ እስከ ፍራንኮ ሰፈር ድረስ ሄዳ ባለባጃጁ ዳዊ አግኝቷት፣ «የዛሬው ጉብኝት አልቋል» ብሎ እያሳቀ ቤት አደረሳት። ለእሷም ከዚያው ወረቀት ትንሽ ካርድ ሠራሁላት። ስሟ፣ ሰፈራችንና የእኔ ስልክ አለበት። እንዲገለበጥ በአንድ ጠርዙ ብቻ ቀሚሷ ላይ ሰፍቼዋለሁ፤ ቢታጠብም ምንም አይሆንም። ከጀርባው ያንተን ፎቶ አድርጌ ከሥሩ «ልጄ አብዱናሲር» ብዬ ጻፍኩበት። ፎቶውን በጣም ወዳዋለች፤ «እንዴት ያለ ቆንጆ ልጅ ነው!» ትላለች።

ለዒድ ትመጣለህ አይደል? እስከዚያ ስትደውል መጀመሪያ ስምህን ንገራት፤ ይሄ ስልካችን ድምፅ ይቀይራል።

ዳዊም ጎረቤቱም ሰላም ብለውሃል። እማዬም ሰላም ብላሃለች፤ ካርዱን ገልብጣ ስምህን ራሷ አነበበችው። አላህ በቶሎ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ ፋዲላ