ከእንግሊዝኛዬ ሥር የተጻፈ እንግሊዝኛ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በተደረገው የወጣቶች አጫጭር ፊልሞች ፌስቲቫል ላይ የልጄ የሜሮን ፊልም ታየ። የሠራችው ስለ እኔና ስለ ሆቴል ሥራዬ ነው። ካሜራው ፊት የተናገርኩት በእንግሊዝኛ ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር ያልኩት ከሥር በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይወጣል። አሜሪካዊው አለቃዬ ሲናገር ምንም አልተጻፈም። ከኋላዬ የተቀመጡት ሳቁ።

ስንወጣ «የእኔን ብቻ ለምን ጻፍሽው?» አልኳት።

«ፒፕል እንዲገባቸው ነዋ፣ ማሚ። ዶንት ቴክ ኢት ፐርሰናሊ» አለችኝ።

ሕፃን ሳለች ታማ ሐኪሙ ዝም ብሎ ወደ ቤት ሊመልሰን ሲል፣ ትታከም ብዬ የተከራከርኩት በዚሁ እንግሊዝኛ ነው። ሐኪሙ በደንብ ገብቶታል።

ይህን ልነግራት ፈልጌ ተውኩት። አሌክሳንድሪያ ቤታችን እስክንደርስ በአማርኛም አላናገርኳትም።