የጨው መብራቱ ለምን እንደሚያለቅስ

ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ
አዲስ አበባ
ሐምሌ 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለበከር፤

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የጅቡቲ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቀመሪያ ሁለተኛ ክፍልን አልፋለች። የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አንተን ቁጭ ነው የምትለው። ክረምቱ ዘንድሮ ብሶበታል፤ ጣራው በጓዳ በኩል ያንጠባጥባል፤ የቀበሌ ቤት ስለሆነ አመልክቼ ወረፋ እየጠበቅሁ ነው። ጎረቤታችን ትርንጎ ሰላም ብላሃለች ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ያለችው ደግሞ በደብዳቤ አይጻፍም።

ደብዳቤህን ከሊፋ ባለፈው ጁምዓ አደረሰልኝ። ድሮ አብራችሁ ስትነዱ ቤታችን ገብቶ ሳይበላ የማይወጣ ሰው፣ ግባና ሻይ ጠጣ ስለው "እቸኩላለሁ" ብሎ ከበር ተመለሰ። ያኔ ነው ነገር እንዳለ የጠረጠርኩት።

አሰብ ብለህ ወጥተህ ጅቡቲ ስትቀር አልወቀስኩህም። መኪናውንም ሾፌሩንም ለጦርነቱ እየጻፉ ነበር። ፈራ አልኩ እንጂ ረሳን አላልኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት ሦስት መስመር ስትጽፍልኝም ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። አሁን ግን ገጹን ሞላኸው። ስለ ምን? ስለ ጨው መብራት! "አራት ሾፌሮች አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አንቺ ዘንድ ያለውን የመሰለ የጨው ድንጋይ ገዝቼ አምፖል አስገባሁበት፤ ግን ያለቅሳል፣ ጠረጴዛውን አበላሸው። ሌላ ልግዛ ብልስ እንዴት ያለው ይመረጣል?" አልከኝ።

ደህና ጥያቄ ነው። ድንጋዩን ከአፋር ጭነህ ያመጣኸው አንተ ብትሆንም ያኖርኩት እኔ ነኝ፤ አንተማ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነበርክ። ስለዚህ ልንገርህ።

ስትመርጥ ነጭ በነጭ የሆነውን ተው፤ እሱ ይፈረፈራል። ቀላ ያለውን፣ ስታነሳው ካሰብከው በላይ የሚከብድህን ውሰድ። ፀሐይ ላይ አዙረህ እየው፤ ውስጡ ስንጥቅ ካለበት አምፖሉ ሲሞቅ ለሁለት ይከፈላል። ከታች የሚበሳው ቀዳዳ ሰፋ ይበል። የእኛን የጌጃ ሰፈሩ ባለሙያህ አጥብቦት አምፖል በቀየርኩ ቁጥር እጄን ይልጠኛል። አምፖሉ ከአሥራ አምስት ሻማ አይብለጥ፤ ለማንበቢያ አይደለምና።

ማልቀሱ በሽታ አይደለም። ጨው እርጥብ አየር ይጠጣል። ሲበራ ይሞቅና ይደርቃል፤ ሲጠፋ የጠጣውን ያወጣዋል። እናንተ ባሕር አጠገብ ስለሆናችሁ ቀን ከሌት ይብራ። ልብስ ከሚታጠብበትና ድስት ከሚፈላበት አርቁት። ከሥሩ የሸክላ ሰሃን አድርጉለት፤ ብረት ከሆነ ይዝጋል። አቧራ ሲይዘው ሶኬቱን ነቅላችሁ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉት። ውሃ እንዳይነካው።

እዚህ ድረስ ለአራት ሾፌሮች ነው የጻፍኩት። ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ግን፣ ቦታ እንዳለቀበት ሰው ጠጋ ጠጋ አድርገህ፣ "ሕፃን ቢልሰው ይጎዳዋል ወይ?" ብለሃል። የየትኛው ሾፌር ሕፃን ነው በከር?

መልሱን እኮ ታውቀዋለህ። ቀመሪያ ገና ስትድህ ድንጋዩን ስትልስ ደርሼባት ስጮህ፣ "ተያት፣ እጣቷን ከምትበላ ይሻላል" ብለህ የሳቅከው አንተ ነህ። ስለዚህ ለማወቅ አይደለም የጠየቅከኝ። እንዳውቅልህ ነው። አገባሁ፣ ወለድኩ ማለት ቢያቅትህ በድንጋይ ላክህብኝ። ተሳቢ መኪና በጣርማ በር ቁልቁለት የሚያወርድ ሰው አንዲት ሴት ይፈራል? ከማግባትህ ይልቅ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

እውነት ልንገርህ? መጀመሪያ "በየሳምንቱ በሳሙና እጠቡት" ብዬ ጽፌ ነበር። ሟሙቶ ሲያልቅባችሁ እየታየኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ሕፃኑ በጨለማ ሲያለቅስ ታየኝና ወረቀቱን ቀደድኩት።

ስትሄድ "መስኮቱ ላይ አብሪው፤ ከአስፋልቱ ሳየው ቤቴን አውቀዋለሁ" ብለኸኝ ነበር። አበራሁት። ቤትህን ካንተ በስተቀር ሰው ሁሉ አወቀው። ቀይ መብራት ያየ ወንድ ሁሉ ቡና ቤት እየመሰለው ያንኳኳል። አንዱማ ገና ሳይመሽ መጥቶ፣ "እህት፣ ቀዝቃዛ ቢራ አለ?" አለኝ።

"የሰው ቤት ነው ይሄ!" ስለው፣

"ታዲያ ቀዩን ምን ሊሠራ አበራሽው?" ብሎ እኔኑ ተቆጣኝ። ትርንጎ ዘነዘና ይዛ ስንቱን አባራልኛለች። በመጨረሻ የቀበሌው ተመራጭ ጓድ ፉፋ መጣ።

"ጓዲት ዙሃራ፣ በዚህ መብራት ሰው እያማሽ ነው። ንግድ ከሆነ ፈቃድ አውጪ።"

"ንግድ አይደለም። ለባሌ ምልክት ነው።"

"ባልሽ የት ነው?"

"መንገድ ላይ ነው።"

"ሁለት ዓመት?" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እኔም ሳላጠፋው አደርኩ። ላንተ ብዬ የቡና ቤት ሴት ተባልኩ፣ አንተ እዚያ ሌላ ሴት ቤት መብራት ስታስገባ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። ባል አለኝ እንዳልል ባል የለኝ፣ የለኝም እንዳልል አልፈታኸኝ። ቃዲው ዘንድ ብትሄጂ ይፈታሻል ይሉኛል። አልሄድም። አንተው በራስህ አፍ፣ በሁለት ምስክር ፊት፣ ዙሃራን ፈትቻታለሁ በልና ወረቀቱን በከሊፋ ላክልኝ። ገንዘብ አልጠየቅሁህም፣ ተመለስም አላልኩህም። አንድ ጊዜ እንኳ ነገርን በስሙ ጥራው።

መብራቱን ደብዳቤህ የደረሰ ዕለት አጥፍቼዋለሁ። ከመስኮቱ አንስቼ እዚሁ የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ አድርጌዋለሁ። ቀመሪያ "አባዬ ታዲያ ቤቱን በምን ያውቀዋል?" አለችኝ። የሷን መልስ አንተ ጻፍላት።

ሕፃኑን አላህ ያሳድገው፤ እሱ ምን አጠፋ። ቢልሰው አይጎዳውም። ብቻ እንዳያበዛ ጠብቁት፤ ሌሊት ውሃ ይጠማዋል። አንተንም መንገድህን አላህ ሰላም ያድርግልህ።

የቀመሪያ እናት
ዙሃራ

ወረቀቱ ላይ ቀለሙ የፈሰሰበት ቦታ አለ። መብራቱ ጠፍቶ ስለሰነበተ ድንጋዩ ነው ያንጠባጠበበት፤ እኔ እንዳልመስልህ። ካላመንክ ቅመሰው፣ ጨው ነው።